«ፈረስ» የሚለው ቃልና የቃላት ፍቺ አሰጣጥ

በማንበቢያ መጻሕፍት ምዕራፎች መጨረሻ የሚሰጠው የቃላት ፍቺ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም የሚመድብ ነው። ይህ ልማድ ለጀማሪ ተማሪ ሥራ ማቅለሉ ባይካድም፣ «ፈረስ»ን በመሰለ የተለመደ ቃል ሲፈተን ጉድለቱ ይገለጣል።

በመሠረቱ ፈረስ የጋማ ከብት ስም ነው። በሰንጠረዥ ጨዋታ ግን ከጠጠሮቹ የአንዱ መጠሪያ ይሆናል፤ በፊዚክስ ትምህርት «የፈረስ ጉልበት» የሞተር አቅም የሚለካበት፣ 746 ዋት ያህል የሆነ መስፈርት ነው። በታሪክ ትምህርት ደግሞ አባ ታጠቅ የዐፄ ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ አባ ዳኘው የዐፄ ምኒልክ የፈረስ ስሞች ናቸው። የፈረስ ስም ምንነት ያልተነገረው ተማሪ እነዚህን እንደ ተራ ቅጽል ስም ያልፋቸዋል፤ የጦር መሪ በፈረሱ ስም ይጠራ የነበረበት ሥርዐትም ይሰወርበታል።

የቃሉን ምንጭ በተመለከተ የሚያሰጋው ስሕተት ከዚህ ይብሳል። ፈረስ የጠላትን ሰልፍ ስለሚያፈርስ ስሙ «ፈረሰ» ከሚለው ግስ ወጣ ማለት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የፊደል መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም። ስሙ በግዕዝም በዐረብኛም «ፈረስ» ነው፤ የዕብራይስጡ «ፓራሽ» በይበልጥ ፈረሰኛውን ያመለክታል። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ግዕዝን ከእኅት ቋንቋዎች ጋር በማነጻጸሩ ለዚህ ዐይነቱ ምርመራ መንገድ ከፍቷል። ቃላትን በግስ ሥር የማደራጀቱ ስልት ግን ለሊቃውንት የሚስማማ እንደ መሆኑ፣ ሳይብራራ ወደ ክፍል ሲገባ ስም ሁሉ ከግስ የተገኘ ያስመስላል።

«ፈረሱ ደከመ» እና «ግንቦቹ ፈረሱ» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች የቃሉ አጻጻፍ አንድ ነው፤ «ረ» ግን በስሙ ይላላል፣ በግሱ ይጠብቃል። ጽሕፈቱ ይህን ስለማያሳይ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ተማሪ በተለይ ይቸገራል።

ስለዚህ የመጻሕፍት አዘጋጆች የቃሉን መሠረታዊ ፍቺ፣ ከእርሱ የሰፋውን ትርጉምና በፊደል ብቻ የሚመሳሰለውን ቃል ለያይተው ሊያቀርቡ፣ መጥበቅና መላላቱንም ሊያመለክቱ ይገባል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው፣ የቃላት ፍቺም ተማሪውን እስከ ንባቡ ያደርሰዋል እንጂ ስለ እርሱ አያነብለትም።