ግልባጩ የት አለ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የአያቶቻችን ዘመን ነገር ይመስለኝ ነበር። ከጎረቤቴ ጋር የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጅ ስጠና ከረምኩና ገባኝ። ንጉሡ ቀረ እንጂ አለመከሰሱ አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ባለቤታቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት የቀበሌ ቤት ውል በሟች ስም ነውና ወደ ራሳቸው ስም ሊያዛውሩ ሄዱ። የቤቶች ጉዳይ ኃላፊው «ፋይሉ ጠፍቷል» አላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ደግሞ «እማማ፣ ፋይል የሚፈልጉት ልጆች እኮ ሻይ ይጠጣሉ» አላቸው። የሻዩ ሒሳብ አምስት ሺህ ብር ነው። ምን ዓይነት ሻይ ነው እንዳትሉኝ።

እኔ ሆዬ፣ «ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ጎረቤትዎ ሆኜ ሳለ!» ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ገጽ አቤቱታ አወረድኩት። ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ። «ሥር የሰደደ ሙስና» አለበት፣ «ዓይን ያወጣ በደል» አለበት፣ «የደሃ እንባ» አለበት። ቀን የለበትም። የቢሮ ቁጥር የለበትም። ሰውዬው የተናገረው ቃል፣ የጠየቀው ገንዘብ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ የለበትም። ግልባጭም አላስቀረሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንጠይቅ፣ ደብዳቤው ጥግ ላይ «ተጣርቶ መልስ ይሰጥበት» ተብሎ ተመርቷል። ለማን? ለቤቶች ጉዳይ ኃላፊው! ሰውዬው ራሱን መረመረ፣ ራሱን ነጻ አወጣ፣ «የቀረበው ቅሬታ ማስረጃ የለውም» ብሎ ፈረመ። እውነት ለመናገር የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ልክ ነበረች።

አቤቱታ «አቤት» ከማለት የመጣ ነው። አባቶቻችን «አቤት! አቤት!» እያሉ ጃንሆይ የሚያልፉበት መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር፤ አብዮቱ እስኪመጣ ድረስም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚያስችሉት ዙፋን ችሎት ነበር። እኛም ወረቀት ስንጽፍ ያው ጩኸቱን ነው የምንጽፈው። የላይኛው ሰው ልቡ እንዲራራ እንጂ የታችኛው ሰው ያደረገው ነገር እንዲመዘገብ አናስብም። የላይኛው ሰው ደግሞ በየጠዋቱ እንዲህ ያለ ጩኸት ክምር ጠረጴዛው ላይ ስለሚያገኝ ወደ ታች ይመራዋል። መምራት ቀላል ነው።

ደጁ ደግሞ አንድ አይደለም። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ተቋቋመ። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በ1993 ዓ.ም. ተከተለ። ብዙዎቻችን ዛሬም ጉቦ ጠያቂውን ኮሚሽኑ መጥቶ የሚያስርልን ይመስለናል፤ የመመርመሩና የመክሰሱ ሥልጣን ግን በ2008 ዓ.ም. ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዷል። እንባ ጠባቂውም የአስተዳደር በደልን መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። እንግዲህ የፋይሉ መጥፋት አንድ ነገር ነው፣ ሻዩ ሌላ። ፋይሉ ለቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ይነገራል። ሻዩ ወንጀል ነው፤ ለፖሊስ ነው የሚነገረው፣ እሱም ብሩ ሳይሰጥ በፊት። የብሩ ቁጥር ተመዝግቦ እጅ ከፍንጅ የሚያዘው ያኔ ነው። ከሰጡ በኋላ ቢያለቅሱ ምን ዋጋ አለው? እኔ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ለውሼ ለአንድ ሰው ሰጠሁ።

ይኼንን ሁሉ ካጣራሁ በኋላ «እማማ፣ ፖሊስ ጋ እንሂድ» አልኳቸው።

«ጠቋሚ ልሁን እንዴ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። በ1969 እና 70 ቀበሌው ስብሰባ እየጠራ «አጋልጡ» ሲል ያዩ ሰው ናቸው። ያኔ ጠቋሚ ማለት ፊቱን ሸፍኖ የጎረቤቱን ልጅ በጣቱ የሚያሳይ ነው። ሕግ አውጪዎቻችን በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 699ን ሲያወጡ ስሙን «የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ» አሉት። ቃሉ በእሳቸው ጆሮ ምን እንደሚል ማን አሰበ? አዋጁ ራሱ ደግሞ ያነጣጠረው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ነው። ስም መቀየር፣ ቤት ማዛወር፣ ማንነት መደበቅ የሚሉ ነገሮች አሉበት። ጥሩ ነው። ጎረቤቴ የሚፈሩት ግን መገደልን አይደለም።

«አንተ ጽፈህ ትሄዳለህ ልጄ። እኔ እዚሁ ነኝ። ነገ መታወቂያ ማሳደስ አለ። የድጋፍ ደብዳቤ አለ። የልጅቷ የልደት ካርድ አለ። ሁሉም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።»

ለዚህ መልስ የሚሆን አዋጅ አጣሁ። አንድ ግቢ ውስጥ ቤትህን፣ ስምህን፣ ልጅህን ያስቀመጠ መንግሥት «ሙሰኛን አጋልጡ» የሚል ፖስተር በዚያው ግቢ በር ላይ ሲለጥፍ፣ የማጋለጡን ዋጋ ለአንድ አሮጊት አሸክሞ እሱ ቆሞ ማየቱ ነው። «ሕዝቡ አይተባበርም» የሚል ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ስሰማ ንዴቴ የሚነሣው ለዚህ ነው። ግቢው ውስጥ የአስተያየት መስጫ ሣጥንም አለ፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ሦስት ሰው ጠየቅኩ፣ ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

ለፖሊስ እንቢ አሉ፤ መብታቸው ነው። ስለ ፋይሉ ግን እሺ አሉኝ። በዚህ ጊዜ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። የሄዱባቸው ሦስት ቀናት፣ ሰዓቱ፣ የቢሮው ቁጥር፣ «ፋይሉ ጠፍቷል» የተባሉባት ቃል፣ ላለፈው ወር ኪራይ የከፈሉበት ደረሰኝ ቁጥር። ፋይሉ ከጠፋ ኪራዩን በምን መዝገብ ተቀበሉ? ይህቺን ጥያቄ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ በሁለት ገጽ ሙሉ አላሰብኳትም። አንዱን ለክፍለ ከተማው ቅሬታ ሰሚ፣ ግልባጩን ለወረዳው ምክር ቤት አደረግነው፤ አንድ ደግሞ ለእሳቸው።

ክፍለ ከተማ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ወረቀቱን ተቀብላ «ጨርሳችኋል» አለችን።

«ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን እዚህኛው ላይ ጻፊልኝና ማኅተም አድርጊልኝ» አሉ እማማ፣ የራሳቸውን ቅጂ እየዘረጉ።

«ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እንጠብቀዋለን» አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የመጣው ከምሳ በኋላ ነው።