ቺንጋው ሲወልቅ

መኪናዬ በአንድ ክረምት ሁለት ቺንጋ በላች። ሦስተኛውን ከእጄ ተቀብለው ያዳኑት ጎረቤታችን ናቸው።

ዲኤክስ ናት። ከሞተሩ ፊት ያለው ቺንጋ አንድ ብቻ ሲሆን የሚያዞረውም የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን ነው። የመጀመሪያው ሲበጠስ አርጅቶ ነው አልኩ። ሁለተኛው ወር ሳይሞላው ጠርዙ እየተላጠ ሲዘረዘር ሻጩን ጠረጠርኩና ሶማሌ ተራ ሄጄ በእጥፍ ዋጋ ሌላ ገዛሁ። እሱን ለማስገባት ኮፈኑን ከፍቼ ስታገል፣ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉት ጎረቤታችን በበሩ ገቡ። አዲሱን ቺንጋ ተቀብለው የመኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጡት።

«እሱን ተወው፤ መጀመሪያ ፑሌጃዎቹን በእጅህ አዙራቸው» አሉኝ።

«ቺንጋው ነው እኮ ጋሼ የተበላሸው።»

«አዙራቸው አልኩህ።»

የዲናሞው ያለ ድምፅ ተሽከረከረ። የውሃ ፓምፑን ግን ቬንትሌተሩን ይዤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስነቀንቀው ቀጭ ቀጭ አለ። ኩሽኔታው አልቋል። ፑሌጃው በትንሹ ስላጋደለ ቺንጋው በየዙሩ አንድ ጎኑ እየተፋቀ ይሮጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዲሱን ማስገባት የሥራው ትንሹ ክፍል ሆኖብኛል። ትልቁ፣ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሳይገባ ያለችው አጭር ጊዜ ናት። ቺንጋው ተወጥሮ ሳለ ፑሌጃዎቹ ሁሉ እርስ በርስ ታስረዋል፤ አንዱ ቢንኳኳ የየትኛው ድምፅ እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ሲወልቅ እያንዳንዱ ለብቻው ይናገራል። ወረፋ የሚጠብቅ መኪና ያለበት ጋራዥ ለዚህች ጊዜ ትዕግሥት የለውም። በራስ ግቢ ግን የሚያጣድፍ ስለሌለ ነው ሰው ቤቱ እንዲሠራ የምመክረው፤ የእጅ ዋጋው ቀርቶ።

የምለው ከውጭ ስለሚታየው ቺንጋ ነው። በሽፋን ውስጥ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ጥርስ ቢዛነፍ የሞተሩ አሠራር ይዛባልና ለባለሙያ ይተው።

ስጀምር ሞተሩ ቀዝቅዟል፣ የመኪናው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቷል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ ሞተሩ ቢጠፋም ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር እንደተገናኘ ነው፤ የቡሎን መፍቻው እሱንና የሞተሩን ብረት አንድ ላይ ከነካ እጅ የሚያቃጥል እሳት ይረጫል። ዲናሞው ከታች በአንድ ረጅም ቡሎን ይንጠለጠላል፤ ከላይ ረጅም ቀዳዳ ባለው ብረት ይያዛል። ሁለቱንም ማላላት ይበቃል። ወደ ሞተሩ ሲገፋ ቺንጋው ይረግባል፤ ከዚያ በቬንትሌተሩ ክንፎች ላይ አንድ በአንድ እያሻገሩ ማውጣት ነው። አዲሱ በዚያው መንገድ ይገባል። አልገባ ሲል በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማስገባት የውስጡን ክር ይጎዳል፤ ጉዳቱ ከውጭ አይታይም፤ የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው።

አሮጌውን ሳላነብ አልጥልም። የዲኤክስ ቺንጋ የቪ ቅርጽ ስላለው የሚይዘው በሁለት ጎኖቹ ነው፤ በፑሌጃው ቦይ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይጨመቃል እንጂ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። ጎኖቹ እንደ መስታወት ካብረቀረቁ ላልቶ ሲንሸራተት ኖሯል። አንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ፑሌጃ አጋድሏል። ካበጠና ከለሰለሰ ዘይት ነክቶታል። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ያለው ጠፍጣፋና ባለ ብዙ መስመር ቺንጋ ግን ያሳስታል። የድሮው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቅ ነበር፤ የአሁኖቹ በብዛት የሚሠሩበት ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ ግን ብዙም ሳይሰነጠቅ እየተፋቀ ያልቃል። ስለዚህ የሚታየው የመስመሮቹ ጥልቀት ነው። ጀርባው ላይ 4ፒኬ 970 ካለ፣ አራት መስመር አለው፣ ርዝመቱም 970 ሚሊሜትር ነው፤ ጽሑፉ ሳይጠፋ መዝግቦ መያዝ ነው።

ጠዋት ሲጮህባቸው ሳሙና የሚቀቡትን አይቻለሁ። እባካችሁ አትቀቡ፤ ጩኸቱ መልእክት ነው። ሞተሩ እየሠራ እጅ ሳያስጠጉ ጥቂት ውሃ ቢረጩበት ጩኸቱ ከባሰ ላልቷል፤ ለአፍታ ከጠፋ ፑሌጃዎቹ መስመር ስተዋል።

ውጥረቱ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋለሁ። በሁለት ፑሌጃ መካከል፣ ረጅሙ ቦታ ላይ፣ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጌ ስጫነው አንድ ሳንቲሜትር ያህል መግባት አለበት። ዲናሞውን የምገፋው በእንጨት ነው፤ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ብረት ይሰነጥቀዋል። የላላ ቺንጋ ስለሚጮህ ሁሉም ይፈራዋል፤ የከረረው ዝም ስለሚል ያመኑታል። የከረረ ቺንጋ ኩሽኔታ ይገድላል። ያኔ ያለቀው የፓምፑ ኩሽኔታም የኔ እጅ ሥራ ነበር፤ ዳግመኛ እንዳይጮህብኝ ብዬ ከዚያ በፊት በብረት ዘንግ ስቤ ያከረርኩት እኔ ነኝ። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ በሦስተኛው ቀን እንደገና እጫነዋለሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርደው አባይን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ቺንጋ ቢበጠስ መጀመሪያ የሚበራው የባትሪው ቀይ መብራት ነው። ብዙ ሾፌር የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው ብሎ ይነዳል። እንደኔ ዓይነት መኪና ላይ ግን ውሃው መዞር አቁሟል ማለት ነው፤ የሙቀቱ መርፌ ተከትሎ ይወጣል። ወዲያው መቆም ነው፤ የራዲያተሩን ክዳንም እስኪቀዘቅዝ አለመንካት።

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ቪትዟን ይዛ፣ አዲስ ቺንጋ ገዝታ መጣች። አሮጌውን ራሷ አወለቀች፤ አዲሱን ለማስገባት እጇን ስትዘረጋ ተቀብዬ ጣሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ አዞረች። ሦስተኛው ላይ ቆመች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ደገመችው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ውስጡ አሸዋ ያለበት ይመስላል።»

ቺንጋውን ከነማሸጊያው ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችውና ኩሽኔታ ፍለጋ ወጣች።