አማካዩ የሸፈነው ሲሶ

በሥራ አመራር መስክ የሚሠራ ሥርዓታዊ ዳሰሳ (በአንድ ጥያቄ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚያጠቃልል ሥራ) ሲመሰገን አብዛኛውን ጊዜ የሚመሰገነው በፍለጋው ነው። የትኞቹ የመረጃ ቋቶች ታሰሱ? በምን ቃላት ተፈለገ? ስንት ጽሑፍ ተገኘ፣ ስንቱስ ተጣለ? ገምጋሚው የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ጸሐፊውም ተዘጋጅቶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ትራንፊልድ፣ ዴንየርና ስማርት እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ማኔጅመንት ባሳተሙት ጽሑፍ አሠራሩን ከሕክምና ወደ ሥራ አመራር ካሻገሩ ወዲህ የጥራት መለኪያው ከሞላ ጎደል እዚያው ላይ ቆሟል። ለእኔ ምስጋናው ቦታውን ስቷል። ዳሰሳ ለአንድ ድርጅት ኃላፊ የሚውለው ትልቁ ውለታ ጥናቶች የት ላይ እንደማይስማሙ፣ ያለመስማማታቸውም ምክንያት ምን እንደሆነ ማሳየቱ ነው።

ለዚህ የማቀርበው ዋና ማስረጃ ከ2003ቱ ጽሑፍ ሰባት ዓመት ይቀድማል። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ በ1996 በሳይኮሎጂካል ቡለቲን ያሳተሙት ዳሰሳ የተነሣው ማንኛውም የቅርብ ኃላፊ መልሱን የሚያውቅ ከሚመስለው ጥያቄ ነው፤ ሠራተኛ ስለ ሥራው ግብረ መልስ ሲሰጠው ሥራው ይሻሻላል ወይ? ሁለቱ ምሁራን ከ131 ጽሑፎች 607 የውጤት መጠኖችን ሰብስበው አማካዩን አወጡ። ግብረ መልስ ያገኙት ካላገኙት በ0.41 መደበኛ ልዩነት በልጠው ተገኙ። በሰው ባሕርይ ጥናት ይህ የሚናቅ ቁጥር አይደለም። ሌላ ዳሳሽ ቢሆን “ግብረ መልስ ይሠራል” ብሎ እዚህ ላይ ይዘጋው ነበር፤ የሥልጠና ተቋማትም ቁጥሩን በደስታ ይቀበሉት ነበር።

እነሱ ግን አማካዩን ወደ ጎን አድርገው ሥርጭቱን አዩ። ከውጤቶቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ግብረ መልሱ ሥራውን እንዳበላሸ የሚያሳዩ ነበሩ። ይህ በዕጣ የመጣ የናሙና ስሕተት ይሆን? አይደለም፤ ፈትሸውታል። ታዲያ ማመስገን ይጠቅማል፣ መውቀስ ይጎዳል ማለት ይሆን? ይህም አያስረዳውም። ያገኙት ፍንጭ የሠራተኛው ልብ ወዴት እንደሚሄድ የሚመለከት ነው። ግብረ መልሱ ዓይኑን ሥራው ላይ ካሳረፈው፣ ትክክለኛውን አሠራር ካሳየው፣ ካለፈው ጊዜ ምን ያህል እንደተራመደ ከነገረው ይረዳዋል። “እኔ ማን ነኝ፣ ስለ እኔስ ምን ይባላል” ወደሚል ሐሳብ ከገፋው ግን ኃይሉ ይዳከማል። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ፣ ሙገሳም ከሚያዳክሙት ወገን ሆኖ መገኘቱ ነው።

ዳሰሳው ከዚያም አልፎ የገዛ መስኩን ታሪክ መረመረ። ግብረ መልስ ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለው እምነት ከየት መጣ? መልሱን በከፊል ያገኙት በሌላ ዳሰሳ ውስጥ ነው። አሞንስ በ1956 የግማሽ ምዕተ ዓመት ጥናት ሲያጠቃልል የሚቃረኑትን ውጤቶች አለዝቦ አልፏቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ዋናዎቹን ጥናቶች ሳይሆን ማጠቃለያውን ጠቀሱ። ስምምነቱ የተፈጠረው በመረጃው ሳይሆን በማጠቃለያው ነበር። ስለ ዳሰሳ ጥቅም ለሚጠይቀኝ ተማሪ ከዘዴ መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ አስቀድሜ የማስነብበው ይህንን ሥራ ነው። አንድ ዳሰሳ የሠራውን ጥፋት ሌላው ሲያርመው በግልጽ ይታይበታል፤ የሚያርመውም ብዙ ስለሰበሰበ ብቻ ሳይሆን የሚቃረነውን ስላልጣለ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ቢፒአር፣ ቢኤስሲና ካይዘን የተባሉ የሥራ አመራር ስልቶችን በተከታታይ ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ሲያስገባ የሥራ አፈጻጸም ምዘና የብዙ ሺህ ሠራተኞች የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ቅጹ ይሞላል፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ሠራተኛው ፈርሞ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ድምር ነጥቡን ነው፤ ከጎረቤት ጠረጴዛ በስንት በለጥሁ ወይም አነስሁ የሚለውን። በክሉገርና በዴኒሲ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ይህ ዓይንን ከሥራው ነቅሎ ወደ ራስ የሚመልስ የግብረ መልስ ዓይነት ነው። ሥርዓቱን የሚነድፍ ባለሙያ 0.41ን ብቻ ይዞ ቢመጣ ቅጹን ያበዛዋል፤ ሲሶውን ይዞ ቢመጣ ቅጹን ይቀይረዋል።

አማካይን መናቅ እንዳልሆነ ግን አንድ ተቃራኒ ጉዳይ ልጥቀስ። በታዳጊ አገሮች ለአነስተኛ ነጋዴዎች ስለሚሰጥ የንግድ ሥልጠና የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ለየብቻቸው ሲታዩ ውጤታቸው ጉልህ ሆኖ ባለመገኘቱ “ሥልጠና አይሠራም” የሚል ወሬ ተዛምቶ ነበር። ዴቪድ ማክኬንዚ በ2021 ጥናቶቹን አንድ ላይ ሲመዝናቸው ሽያጭ በአማካይ ወደ 5 በመቶ፣ ትርፍ ደግሞ ወደ 10 በመቶ እንደሚያድግ አሳየ። አብዛኞቹ ጥናቶች ይህን የሚያህል ለውጥ ለመለየት ናሙናቸው አይበቃም ነበር። እዚህ አማካዩ ነው እውነቱን ያወጣው።

ስለዚህ የማዝነው አማካይ በሚያወጡት አይደለም። የማዝነው ምንም በማያወጡት ነው። ዛሬ በየመጽሔቱና በየድኅረ ምረቃ ጽሑፉ የሚታየው ዳሰሳ በ2009 ወጥቶ በ2020 የታደሰውን ፕሪዝማ የተባለ የዳሰሳ አቀራረብ መመሪያ ፍሰት ሥዕል በጥንቃቄ ይሞላል። ስንት ጽሑፍ ወንፊቱን እንዳለፈ እስከ መጨረሻው አሐዝ ይነግረናል። ከዚያ ያለፉትን በዓመት፣ በአገርና በመጽሔት ይቆጥራቸዋል፤ “ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል” ብሎም ይሰናበታል። ጽሑፎቹ ምን እንደተከራከሩ አናገኝም። ይህ ንባብ የሌለበት ሥራ ነው፤ በምርምር ስም መመረቂያ ሊሆን አይገባውም። ይህን የፈቀደ አማካሪ ከተማሪው የባሰ ተጠያቂ ነው።

የአሠራሩ ተቺዎች በሌላ በኩል መጥተዋል። ሊርማንዝና ሃርዲንግ በ2006፣ ሞረል በ2008 “ማስረጃ” የሚለው ስያሜ የማን ጥያቄ እንደሚጠየቅ ይሸፍናል ብለዋል። ትችቱ ትክክል ነው፤ ነገ ጠዋት ቅጥር ለሚወስን ሰው ግን የሚያቀብለው ነገር የለም። ከእነሱ ይልቅ ሬይ ፖውሰን ይረዳኛል፤ ምን፣ ለማን፣ በየትኛው ሁኔታ፣ በምን መንገድ እንደሚሠራ ጠይቁ ይላል። ዴንየርና ትራንፊልድም ከቫን አከን ጋር በ2008 ሁኔታን፣ እርምጃን፣ አሠራርንና ውጤትን ወደሚያያይዝ አካሄድ ተሻግረዋል። የ2003ቱን ጽሑፍ የሚጠቅሱት ብዙዎች ግን ደራሲዎቹን እስከዚያ አልተከተሏቸውም።

ለፍለጋው የነፈግሁትን ምስጋና በከፊል የሚያስመልሰኝ አንድ ጉዳይ አለ። ሽሚትና ሃንተር በ1998 የ85 ዓመት የቅጥር ምርጫ ጥናትን ሲያጠቃልሉ የአጠቃላይ አእምሮ ችሎታ ፈተና የወደፊት ሥራን የመተንበይ አቅም 0.51 ነው አሉ፤ አስቀድሞ በተዘጋጁ ጥያቄዎች የሚደረግ ቃለ መጠይቅም እኩል 0.51 አገኘ። ቁጥሮቹ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ኃይል ትምህርት ምሰሶ ሆኑ። በ2022 ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና ከፍተው በናሙናው ውስጥ የውጤቶች ክልል መጥበቡን ለማስተካከል የተደረገው እርማት ከልክ ያለፈ መሆኑን አሳዩ። ፈተናው ወደ 0.31 ወረደ፤ ቃለ መጠይቁ በ0.42 ከዝርዝሩ አናት ተቀመጠ። ይህን ማድረግ የተቻለው የቀደመው ስሌት እንዴት እንደተሠራ ተከትሎ መመርመር ስለተቻለ ነው። ለአንድ ሳይንስ ይህን የሚያህል ክብር የለም። መስኩን የምወደውም ስለዚህ ነው።

ፍለጋው ክፍት መሆኑ ታዲያ የት የት እንዳልደረሰም ያሳያል። ስለ ኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የሥራ አፈጻጸም ምዘና የተጻፉ በርካታ የማስተርስ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ማከማቻዎች ይገኛሉ፤ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ በተባሉት የመረጃ ቋቶች ብቻ የሚፈልግ ዳሳሽ አያገኛቸውም። ጥራታቸው ይለያያል፤ ናሙናቸው ብዙ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ፖውሰን የሚጠይቀው “ሁኔታ” ግን ያለው እነሱ ውስጥ ነው፤ ቅጹን ማን ይሞላል፣ ነጥቡ ለዕድገት ይቆጠራል ወይ፣ ኃላፊው ሠራተኛውን አስቀምጦ ያነጋግረዋል ወይ። እነዚህን ጽሑፎች ሰብስቦ ምዘናው የትኞቹ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሥራን እንዳሻሻለ፣ የትኞቹ ውስጥ እንዳበላሸ የሚጠይቅ ዳሰሳ የአንድ የምርምር ቡድን የጥቂት ዓመታት ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገውም ቀጣዩ የምዘና ቅጽ ከመታተሙ በፊት ነው።