በእሳቱ ውስጥ መሄድ፦ የቁልቢ መንገድ፣ ስለትና የሐረር ክርስትና

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ስለሚጎርፈው ምእመን ሲጻፍ፣ ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በሕዝቡ ብዛትና በስለቱ ዓይነት ላይ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው፣ ጃንጥላና ጧፍ ይዞ የመጣው፣ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ የተሰለፈው ሁሉ ይቈጠራል፣ ይሣላል። የበዓሉ ማግስት ግን ይዘለላል። ክርስትና ከእግዚአብሔር ጋር የዕድሜ ልክ መንገድ ከሆነ፣ ሊመረመር የሚገባው ተሳላሚው በሁለቱ ንግሦች መካከል ባሉት ወራት ምን ይዞ እንደሚኖር ነው።

ስለትን ከአምላክ ጋር የሚደረግ ንግድ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። ነቀፌታው መሠረት የለውም አልልም፤ «ይህን ብታደርግልኝ ያን አገባለሁ» የሚል ጸሎት ወደ ውል ማዘንበሉ አይቀርም። ነገር ግን ነቃፊዎቹ የሚያዩት የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ልጅ ለምና የተሳለች ሴት ትጠብቃለች፣ ጠብቃ ታገኛለች፣ አግኝታም ሕፃኑን አዝላ ያንኑ ዳገት እንደገና ትወጣለች። ከዐሥሩ ለምጻሞች ለምስጋና የተመለሰው አንዱ ብቻ እንደነበር ለሚያስታውስ፣ መመለስን ግዴታ የሚያደርግ ልማድ ቀላል ነገር አይደለም። ስለት ለመርሳት የተፈጠረውን ሰው በመንገድ ላይ ያቆየዋል።

የቁልቢ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በስለት ነው። አጼ ምኒልክ ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ የከተማይቱ ገዥ የሆኑት ራስ መኰንን፣ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ በቁልቢ ተስለው፣ ከ1888ቱ ድል በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይተረካል። ትረካው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለእኔ ግን ከባዱ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው፤ የተቀበሩት በሐረር ቅዱስ ሚካኤል ነው። በተሳሉበት ቦታ ፈውስ አላገኙም። ስለትን እንደ ውል የሚያነብ ሰው በዚህ ሞት ፊት የሚለው አይኖረውም።

የሐረር ክርስቲያን መንገድ በቁልቢ ዳገት ላይ ብቻ የሚፈተን አይደለም። በኤሚር ኑር ዘመን በታጠረው ጀጎል፣ ማለትም በግንብ በተከበበው የሐረር አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ክርስቲያኑ የሚኖረው በመስጊዶችና አዋች በሚባሉት የሙስሊም ቅዱሳን መቃብሮች መካከል፣ ዕለት ተዕለት ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ነው። በፈረስ መጋላ የቆመው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም ከምኒልክ በፊት ከተማይቱን ይዘው የነበሩት ግብፆች ባሠሩት መስጊድ ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ይህን ድል ብቻ አድርጎ መተረክ ለክርስቲያኑ አይበጀውም። ከእግዚአብሔር ጋር እሄዳለሁ የሚል ሰው የጎረቤቱን ሐዘን ረግጦ ሊያልፍ አይችልም፤ የቅዳሴው ድምፅ በሚሰማበት አደባባይ ሌላው ሰው ያጣውን ነገር ማወቅም የእምነቱ አካል ነው። ወደ ቁልቢ ስለት ይዘው የሚመጡ ሙስሊሞች መኖራቸው ይህን ዕውቀት ሊያቀልለው እንጂ ሊሽረው አይገባም።

አሁን ወደ በዓሉ ንባብ ልግባ። በታኅሣሥ 19 የሚታሰበው የአናንያ፣ የአዛርያና የሚሳኤል ታሪክ ነው፤ በሐምሌ 19 ደግሞ የቂርቆስና የኢየሉጣ። ሁለቱም የመዳን ታሪኮች ስለሆኑ ተሳላሚው ከእነርሱ መዳንን ብቻ መስማቱ አያስደንቅም። ሆኖም ሠለስቱ ደቂቅ የሚባሉት እነ አናንያ ወደ እሳቱ እቶን ከመጣላቸው በፊት፣ ለጣዖት እንዲሰግዱ ላዘዛቸው ንጉሥ የሰጡት መልስ ሊታለፍ አይገባም፦ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸውም ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ አስታወቁ። በዚህ መልስ ውስጥ ውል የለም። ንጉሡም ያየው እሳቱ ጠፍቶ ሳይሆን፣ አራት ሰዎች በነበልባሉ መካከል ሲመላለሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አራተኛውን ቅዱስ ገብርኤል ብላ ታከብረዋለች። መልአኩ የመጣው እነርሱ እሳቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው፤ እስኪወጡም ድረስ አብሯቸው ተመላለሰ።

የስለት ልማዳችን ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። ስለቱ የሰመረለት ሰው ምስክርነት አለው፣ እልልታ አለው፣ የሚያገባው ጃንጥላ አለው። ስለቱ ያልሰመረለትስ? ለዓመታት ለምና ሳትወልድ የቀረች ሴት፣ ወይም ልጇን ታቅፋ መጥታ ከበዓሉ በኋላ የቀበረች እናት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የምትናገረው ቃል የላትም። ብዙዎች «እምነቴ አንሶ ይሆናል» ብለው ዝም ይላሉ፤ ከዚያም መምጣት ያቆማሉ። ይህ ዝምታ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የበዓሉ ታሪክ በቅድሚያ የተነገረው ለእነርሱ ነው። በታኅሣሥ 19 ዐውደ ምሕረት ላይ የሚቆም መምህር ከእቶኑ የወጡበትን ሰዓት ከመስበኩ በፊት፣ «ባያድነንም» ያሉበትን ሰዓት ቢሰብክ፣ እጇን ባዶ አድርጋ የቆመችው ሴትም በሚቀጥለው ዓመት ዳገቱን የምትወጣበት ምክንያት ይኖራታል።