ያረጀ የስፖርት መኪና፣ የባለቤቱ እጅና የጅዳ ሙቀት

ሐሙስ ማታ የጅዳን ኮርኒሽ ይዘው የሚያልፉትን አሮጌ የስፖርት መኪኖች የሚያይ ሰው ቀለማቸውን አይቶ፣ ድምፃቸውን ሰምቶ ይፈርዳል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ላዩ እያብረቀረቀ ውስጡን ለቄስ የሆነ መኪና ሞልቷልና። ባለቤቱ በገዛ እጁ የጠገነውንና ያሻሻለውን መኪና ለመመዘን ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ገንዘቡንና ድካሙን መጀመሪያ ያዋለው የት ላይ ነው? ፍሬኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ ጎማውና ሽቦው ላይ ከሆነ፣ እጁ ገና ያልተካነ ቢሆን እንኳ ሥራው ገብቶታል። ማርሚታውና ቸርኬው ላይ ከሆነ ግን የቀረውን ሁሉ በጥርጣሬ ይዩት።

ይህን ቅደም ተከተል ያወጣው አገሩ ራሱ ነው። ጅዳ ቀይ ባሕር ጠርዝ ላይ የተቀመጠች፣ አየሯ ጨው ያዘለ እርጥበት የማያጣው ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 2010 የሙቀት መጠኗ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው መካ፣ በ2024ቱ የሐጅ ወቅት ታላቁ መስጊድ አካባቢ 51.8 ዲግሪ ተመዝግቧል። ከመካ ወዲያ ወደ ጣኢፍ የሚያወጣው የሀዳ መንገድ ደግሞ እየተጠማዘዘ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያደርሳል። ጨው፣ ሙቀትና ዳገት በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ጉድለት እዚህ አንድ በጋ አይሻገርም።

ለምሳሌ እንዲሆነን ኒሳን 350ዜድን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ ባለ 3.5 ሊትርና ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ያለው፣ የኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና ነው። አሁን ዕድሜው ከሃያ ዓመት አልፏል፤ አሠራሩ ግልጽ ስለሆነ ክሪክና ጥሩ የቺያቤ ስብስብ ያለው ሰው ብዙውን ነገር ራሱ ሊሠራው ይችላል። ሳዑዲ ከ5 ዓመት በላይ ያገለገለ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለምትከለክልና ለክላሲክነት ደግሞ 30 ዓመት መሙላት ስለሚያስፈልግ፣ የዚህ ዕድሜ መኪና የሚገዛ ሰው የሚመርጠው እዚያው ሙቀት ውስጥ ከኖሩት መካከል ነው። ስለዚህ የቀድሞው ባለቤት እጅ የሠራውን መመርመር ግድ ይላል።

የውሃው ነገር

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ኩላንቱ ንጹሕና ቀለሙን ያልሳተ መሆን አለበት፤ ዝገት የመሰለ ወይም ቅባት የተንሳፈፈበት ከሆነ ምርመራውን እዚያው ማቆም ይቻላል። ቀጥሎ ክዳኑን ራሱን ያገላብጡት። ኩላንትና ውሃ እኩል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ያለ ግፊት ወደ 107 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ 1.1 የሚል ቁጥር ያለው ደህና ክዳን ግፊቱን ሲይዝለት ግን መፍያው ከ125 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የክዳኑ ጎሚኒ ተሰነጣጥቆ ሳለ ትልቅ የአሉሚኒየም ራዲያተር የገጠመ ሰው፣ ብዙ ከፍሎ ትንሹን ነገር ረስቷል።

የቬንትሌተሩን መከለያ ፕላስቲክም ይፈልጉ። ለውበት ወይም ለቦታ ብለው የሚያወልቁት አሉ። መከለያው ከሌለ ቬንትሌተሩ አየር የሚስበው ከፊቱ ካለው ክብ ብቻ ነው፤ የቀረው የራዲያተሩ ገጽ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሥራ ይፈታል። የውሃ ቱቦዎቹን በጣት ይጫኗቸው፤ እንደ እንጨት የደረቁ ወይም ጫፋቸው ላይ ያበጡ መሆን የለባቸውም። ጥሩ ሠራተኛ ቱቦ ሲቀይር የላይኛውንና የታችኛውን ከነማሰሪያቸው አንድ ላይ ይቀይራል።

በዚህ ክፍል የሚመሰገን ማሻሻያ እውነተኛ የሙቀት መለኪያ መጨመር ነው። በብዙ መኪኖች የዳሽቦርዱ ቀስት ሙቀቱ በሰፊ ክልል ውስጥ ቢወጣና ቢወርድም መሐል ላይ እንዲቆም ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ሲነሣ ነገሩ አልፏል። ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ የገጠመ ባለቤት የሚፈራውን ነገር ያውቃል ማለት ነው።

ፍሬንና ቁልቁለት

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ጅዳ ደግሞ የሚጠጣውን አታሳጣውም። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ልክ ግን 155 ነው። ይህ ልዩነት ከተማ ውስጥ አይታይም። ከሀዳ ቁልቁል ሲወርዱ ዲስኩ ይግላል፣ ዘይቱ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ስለዚህ ቀይ ቀለም የተቀባውን የፍሬን ካሊፐር ከማድነቅ በፊት ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ። በየሁለት ዓመቱ የሚቀይር ሰው ያለ ማመንታት ይመልሳል።

350ዜድ ላይ ፍሪሲዮኑን በፈሳሽ የሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር በማፍሰስ የታወቀ ነው። የፍሪሲዮኑ ዘይት ጠቁሮ፣ ፔዳሉ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ መኪናው ላይ የተሠራው ሌላው ሥራ ለታይታ ነው ብሎ መጠርጠር ፍርደ ገምድልነት አይሆንም።

ጎሚኒና ጎማ

ጎሚኒ የማይሸሽግ ምስክር ነው። በዚህ መኪና የፊት ጎማን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው ክንድ ጎሚኒው ውስጥ ፈሳሽ አለበት፤ ሲቀደድ ፈሳሹ ይወጣል፣ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። መቀየሩ ብቻ አይበቃም፤ እንዴት እንደተጠበቀ ይጠይቁ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው እንደተንጠለጠለ ቡሎኑን ያጠበቀ ሰው፣ መኪናው መሬት ሲረግጥ ጎሚኒውን አጣሞታል፤ አዲሱም ቶሎ ይቀደዳል። ትክክለኛው መንገድ ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ማጥበቅ ነው። ይህን ሳይጠየቅ የሚናገር ባለቤት ካጋጠመዎት ሥራውን ያወቀ ነው።

ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ይፈልጉ፤ 2319 ካለ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሳይነካ በፀሐይ የደረቀ ጎማ በሳዑዲ አውራ ጎዳና ላይ ከተበላ ጎማ ያላነሰ አደገኛ ነው። ሞላ ቆርጦ መኪና ዝቅ ማድረግ ደግሞ ማሻሻል ሊባል አይችልም። ዝቅ ማድረግ ከተፈለገ ከሾክ አብዞርበሩ ጋር የተመጣጠነ ሞላ ይገጠማል፣ ከዚያም የጎማ አቅጣጫ ልክ ይለካል፤ የልኬቱን ወረቀት ይጠይቁ።

ሽቦ

ኮፈኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ ዓይንዎን የሚስበው ጥቁር ቴፕ ከሆነ መልካም ምልክት አይደለም። በዚህ ሙቀት የቴፕ ማጣበቂያ ይቀልጥና ይላላል፤ ተጠማዝዞ የተያያዘው ሽቦ ለጨዋማው እርጥበት ይጋለጣል፤ መዳቡም ይዝጋል። ጥሩ ሥራ በማያያዣ ተጨምቆ፣ በሙቀት በሚጨማደድ ቱቦ ተሸፍኖ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ የተሳበ ነው። ለተጨማሪ መብራት ወይም ድምፅ ማጉያ የተሳበው ገመድ ባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። ፊውዝ ስለተቃጠለ ከፍ ያለ የገጠመ ሰው ችግሩን ወደ ሽቦው አሸጋግሮታል።

ጉልበት መጨመር

አሁን ወደ ተወዳጁ ክፍል ደርሰናል። ኮፈን ሥር ተጋልጦ የተገጠመ የአየር ማጣሪያ ድምፁ ያምራል፤ የሚስበው ግን የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። ከ25 ዲግሪ ወደ 55 ዲግሪ የሞቀ አየር ጥግግቱ 9 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ በጅዳ ቀትር ላይ ይህ ማሻሻያ ገንዘብ ከፍሎ ድምፅ መግዛትና ጉልበት መሸጥ ነው። ማጣሪያው በሳጥን ተከልሎ ከፊት ለፊት ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ከሆነ ግን ይመሰገናል። ሞተሩ የፕሮግራም ለውጥ ተደርጎለት ከሆነ በ95 ቤንዚን እንጂ በ91 እንዳይነዳ ባለቤቱ ማወቅ አለበት፤ ሙቀትና ዝቅተኛ ኦክቴን አንድ ላይ ሞተሩን ያንኳኩታል። ከ2005 እስከ 2006 ከተሠሩት ሞተሮች አንዳንዶቹ ዘይት በመጠጣት ስለሚታወቁ፣ ጉልበት ከመጨመር በፊት የዘይት መለኪያውን በየሳምንቱ መምዘዝ ይቀድማል።

ክብደት ለመቀነስ ብሎ ኤሲውን ያወለቀ ሰው ካገኙ፣ መኪናውን በነሐሴ ቀትር ነድቶት እንደሆነ ይጠይቁት።

የዕቃው ምንጭ

በጅዳ ገበያ አስሊና ቲጃሪ የሚባሉት፣ ማለትም የፋብሪካው ዕቃና ርካሹ ተለዋጭ፣ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ለመጥረጊያና ለአምፖል ቲጃሪ ያስኬዳል፤ ለቴርሞስታት፣ ለውሃ ፓምፕና ለፍሬን ሸራ ግን አስሊ ወይም ስሙ የታወቀ አምራች ይመረጣል። ከተሽሊህ፣ ማለትም ከተፈቱ መኪኖች ግቢ፣ በር፣ መስታወትና ወንበር መግዛት ብልህነት ነው፤ ከዚያው ያረጀ ጎሚኒና ቱቦ መግዛት ግን አሮጌን በአሮጌ መተካት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009 ጅዳን የመታው ጎርፍ ከመቶ በላይ ሰው ገድሎ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን ጠርጎ ወስዷል፤ በኖቬምበር 2022ም ከተማዋ ዳግም ተጥለቅልቃለች። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው የጭቃ መስመር እንዳለበት ይዩ፤ ምንጣፉን ገልጠው ያሽትቱ፤ የወንበሩን ቡሎኖች ዝገት ይመልከቱ። ጎርፍ የገባበትን መኪና ቀለም አያድነውም።

የመጨረሻው ፈተና

መኪናውን ከሰዓት በኋላ፣ ኤሲው ተከፍቶ፣ መጨናነቅ ውስጥ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ያቁሙት። ሙቀቱ ካልተነሣ አውራ ጎዳናውን ይያዙ። ወደ መካ ከተማ የሚገባው ሙስሊም ብቻ ስለሆነ፣ ክርስቲያን የሆነ ወገን በማዞሪያው መንገድ ወደ ጣኢፍ ይቀጥላል፤ በሐጅ ሰሞን ደግሞ ያለ ፈቃድ መግባት ስለማይቻል ፈተናው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ሀዳን በመካከለኛ ፍጥነት ይውጡ፤ ሲወርዱ ማርሹን ዝቅ አድርገው ይዘው ፔዳሉ ይለሰልስ እንደሆነ ያዳምጡ። ይህ የሐጃጆችና የቤተሰብ መንገድ ነው፤ የሚፈተነው ጤንነት ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም። ለፍጥነት ኮርኒሹ ላይ 6.174 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የፎርሙላ 1 መወዳደሪያ ተሠርቷል።

በየዓመቱ የሚደረገው ፋህስ፣ እኛ አገር ለቦሎ እንደሚደረገው ምርመራ ሁሉ፣ ዝቅተኛውን ደረጃ ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ከዚያ በላይ የሚመሰክረው የባለቤቱ ደብተር ነው፦ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ደረሰኙ። ደብተር ያለው ሰው ስህተት ቢኖረው እንኳ ስህተቱ የት እንዳለ ይታወቃል።

ሊገዙ ከሆነ፣ ቀለሙ የደበዘዘውን ግን ደብተር ያለውን መኪና፣ ከሚያብረቀርቀውና ታሪክ ከሌለው አስበልጠው ይምረጡ። በራስዎ እጅ ሊሠሩ ከተነሡም መጀመሪያ የሚያስቆመውን፣ ቀጥሎ የሚያቀዘቅዘውን፣ በመጨረሻ የሚያስሮጠውን ይሥሩ።