«ክፍት» እና «ኮንታክት»፦ በአንድ የመኪና ወንበር ማሞቂያ መማሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

ሰሞኑን ለአስተያየት ከቀረቡልን የትርጉም ረቂቆች አንዱ፣ ማሞቂያ የተገጠመላቸው የመኪና ወንበሮች በኤሌክትሪክ በኩል ሲበላሹ ብልሽቱ እንዴት ተለይቶ እንደሚታወቅ የሚያስረዳ፣ ለጋራዥ ሠልጣኞች የታሰበ አንድ ምዕራፍ ነው። ርእሱ ለአዲስ አበባ አየር እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ረቂቁ የተዘጋጀው በሰሜን አሜሪካ፣ በበረዶ አገር በመካኒክነት ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው፤ ከውጭ ተገዝተው ወደ አገራችን ከሚገቡት መኪናዎችም ይህንኑ መሣሪያ ይዘው የሚመጡ አሉ። ካዲላክ ማሞቂያ ያለውን ወንበር በ1966 እ.ኤ.አ. ለገዢዎች ካቀረበ ወዲህ መሣሪያው ከቅንጦት ዕቃነት ወደ ተራ ዕቃነት ወርዷል። ስያሜዎቹ ግን በአማርኛ ገና አልረጉም።

ረቂቁን የመረመርነው በመዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም። አንድ ልምድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከጎናችን አስቀምጠን፣ ጽሑፉን ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብንለት፤ በየዐረፍተ ነገሩም «ይህን ብትታዘዝ ምን ታደርጋለህ?» እያልን ጠየቅነው። የቴክኒክ ትርጉም ከዚህ የተሻለ ዳኛ የለውም ብለን እናምናለን። በቅድሚያ ግን ለተርጓሚው የሚገባውን እንስጥ፤ ዐረፍተ ነገሩ አማርኛ ነው፤ ግሡ በቦታው ይገኛል፤ ትእዛዙም በቅደም ተከተል ይሄዳል። ይህ በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ዘንድ የተለመደ አይደለም። የምንነቅፈው የሥያሜ አመራረጡን ነው።

ከሁሉ የከበደው ስሕተት የሚገኘው «ክፍት ዑደት» በሚለው ስያሜ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ቃል በቃል ሲመነዘር በእርግጥ «ክፍት» ይሆናል። ምስሉ የድልድይ ምስል ነው፤ ድልድዩ ለሁለት ተከፍሎ ሲነሣ አላፊ የለም። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ኤሌክትሪክን የሚያስበው በድልድይ ሳይሆን በቧንቧ ነው። ውኃ ክፈት፣ ሬዲዮ ክፈት፣ ቴሌቪዥን ክፈት እንላለን፤ የተከፈተ ነገር ሁሉ የሚፈስ፣ የሚሠራ ነው። የተዘጋው ደግሞ የቆመ ነው። ስለዚህም «የመቀመጫው ማሞቂያ ክፍት ከሆነ ለውጠው» የሚለውን ትእዛዝ ባነበብንለት ጊዜ ሠራተኛው በመገረም «እየሠራ ያለውን ለምን እለውጣለሁ?» አለን። መልሱ ትክክል ነበር። ስያሜው በአማርኛ ጆሮ የሚሰጠው ትርጉም ከታሰበው ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። እኛ የምናቀርበው «የተቋረጠ ዑደት» የሚለውን ነው፤ «ማሞቂያው ተቋርጧል» ቢባል ማንም ሠልጣኝ አይስተውም። በቴስተር ሲለካም የተቋረጠው ማሞቂያ መጨረሻ የሌለው ሬዚስታንስ ያሳያል፤ ደኅነኛው ጥቂት ኦም ብቻ ነው። ለምሳሌ 3 ኦም የሆነ ማሞቂያ በ12 ቮልት ባትሪ 4 አምፔር ስቦ 48 ዋት ሙቀት ይሰጣል። የመቀመጫውና የመደገፊያው ማሞቂያዎች በተከታታይ የተያያዙ ከሆነ፣ የአንዱ መቋረጥ ሁለቱንም ያቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ ረቂቁ በሚገባ ያብራራል፤ ነገር ግን «ክፍት» የሚለው አንድ ቃል ማብራሪያውን በሙሉ ይገለብጠዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ «ኮንታክት» ነው። ተርጓሚው የሶኬቱን ንክኪ ለማመልከት «ፒኖቹ ጥሩ ኮንታክት እንዳላቸው አረጋግጥ» ብሏል። ይህ ቃል ግን በአገራችን ባለቤት አለው። የእሳት አደጋ ዜና በሰማን ቁጥር «በኤሌክትሪክ ኮንታክት ምክንያት» ሲባል ሰምተናል፤ በጋራዥም በቤትም ኮንታክት ማለት ሁለት ሽቦዎች ያለቦታቸው ተገናኝተው ፊውዝ ማቃጠላቸው ነው። ሠራተኛችን «ጥሩ ኮንታክት» የሚለውን ሲሰማ ሳቀ። ቃሉ ከውጭ ቢመጣም እዚህ ሌላ ትርጉም አግኝቶ ኖሯል፤ መዝገበ ቃላትም ይህንኑ ትርጉም መመዝገብ አለበት እንጂ ወደ ትውልድ አገሩ ሊመልሰው አይገባም። ተርጓሚው በሌላ ገጽ ይህንኑ ብልሽት «አጭር ዑደት» ብሎታል፤ በዚህ ጊዜ አንባቢው ሽቦ አጠረ፣ ይቀጠል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። «ኮንታክት» የሚለውን ለብልሽቱ፣ «ንክኪ» የሚለውን ለሶኬቱ መመደብ ሁለቱንም ችግር ያስወግዳል። የሶኬት ነገር ቀላል እንዳይመስል። የዛገ ንክኪ ማሞቂያው ሳይበራ ሲለካ 12 ቮልት ያሳያልና፤ ማሞቂያው በርቶ ኮረንቲ ሲስብ ግን ቮልቴጁ ይወርዳል። ንክኪን ከኮንታክት ያልለየ መካኒክ ይህን ብልሽት አያገኘውም።

«መሬት» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። መኪና በጎማ ላይ የቆመ ነው። ሽቦው የሚታሰረው ከብረት አካሉ ጋር ስለሆነ «ቦዲ» ማለት ይበቃል። ከጣልያንኛ የመጣው «ማሳ» የሚለውም ጠበቆች አሉት፤ ከእርሻው ማሳ ጋር ይጋጫል የሚሉም አሉ። እኛ ግን ወንበር ሥር ተንጋሎ ሽቦ የሚፈልግ ሰው የጤፍ ማሳ ትዝ ይለዋል ብለን አንሰጋም።

«ሬዚስታንስ» ግን ጥቂት ጥንቃቄ ይሻል። በእንጀራ ምጣድ ጥገና ቃሉ የሚግለውን ሽቦ ራሱን ያመለክታል፤ «የምጣዱ ሬዚስታንስ ተቃጠለ» ይባላል። በመማሪያው ውስጥ ደግሞ በኦም የሚለካው ባሕርይ ነው። «ሬዚስታንሱን ንቀል» እና «ሬዚስታንሱን ለካ» በአንድ አንቀጽ ተከታትለው ሲመጡ ሠልጣኙ የቱ ዕቃ፣ የቱ ልክ እንደሆነ ይጠፋዋል። ዕቃውን «ማሞቂያ»፣ ልኩን «ሬዚስታንስ» ማለት የተሻለ ነው። ከግእዝ ሥር አዲስ ቃል ማውጣትን አንቃወምም፤ እዚህ ግን የጠፋ ቃል የለም፤ የጠፋው ድልድላቸው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው ከሥነ ልሳን ክርክር ያልፋል። በብዙ ወንበሮች፣ በማሞቂያው አጠገብ ተለጥፎ የሚገኝ፣ ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ አለ። ረቂቁ «ሙቀት ጠባቂ» ይለዋል። ይህ ዕቃ ግን ምንም አይጠብቅም። ለቁጥጥር ክፍሉ ሙቀቱን ይናገራል፤ ኮረንቲውን የሚያቋርጠው ቁጥጥር ክፍሉ ነው። ማሞቂያውን ለውጦ ይህን ዕቃ ከስፖንጁ ውስጥ ወደ ጎን ትቶት የሄደ መካኒክ «ጠባቂው አለ፤ አልተነቀለም» ብሎ ይጽናናል። ዕቃው ግን ከሙቀቱ ርቆ፣ ገና ቀዝቃዛ ነው ሲል ይናገራል፤ ማሞቂያውም ከመጠን በላይ ይግላል። ጤነኛ ተሳፋሪ ተቃጥሎ ይነሣል፤ ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ወይም በስኳር በሽታ ነርቩ የተጎዳ ሰው ግን ቃጠሎው ሥጋው ውስጥ እስኪዘልቅ ላያውቀው ይችላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የቃጠሎ ሐኪሞችና የደኅንነት ተሟጋቾች ለመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ያቀረቡት በዚሁ ምክንያት ነበር። ስለሆነም «ሙቀት ነጋሪ» የሚለውን እናቀርባለን። ነጋሪ የሚናገረው ከቆመበት ቦታ ያየውን ነው፤ ስሙን የሰማ ሠልጣኝ የት እንደቆመ መጠየቁ አይቀርም።

በመጨረሻ አንድ ሐረግ እናንሣ። የእነዚህ ማሞቂያዎች መቋረጥ ከሚመነጭባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ሰው ከኋላ ወንበር ዕቃ ለማንሣት በጉልበቱ መቀመጫው ላይ መቆሙ ነው፤ ቀጭኑ ሽቦ ወይም የካርቦኑ ክር ይበጠሳል። ረቂቁ ይህን «በጉልበት አትጫን» ብሎ ተርጉሞታል። ሠራተኛችን እጁን ዘርግቶ ወንበሩን በእርጋታ፣ ኀይል ሳያበዛ ተጫነው፤ ቀጥሎም ሶኬቱን ለማየት በዚያው መቀመጫ ላይ ተንበረከከ። «አትንበርከክ» ቢባል ኖሮ ቆሞ ይመለከት ነበር።