ግጥሙን ሰጥቶ የሄደ፣ ዜማውን ይዞ የመጣ

ባለፈው ዓመት ደሴ ውስጥ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት አየሁ። አዳራሹንም ሆነ ቡድኑን በስም አልጠራም፤ የተማሪ ላብ ያለበት ሥራ ነውና ስም መጥራት ለሂስ የሚጨምረው ነገር የለም። ታሪኩ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። አንዲት እናት ልጇ ዐረብ አገር ለመሄድ በድብቅ ፓስፖርት ማውጣቷን ትደርስበታለች። እናት «አትሂጂ» ትላለች፤ ልጅ «እሄዳለሁ» ትላለች፤ በመጨረሻ ልጅ ትሄዳለች። ተዋንያኑ ጥሩ ነበሩ። ማሲንቆ መቺው ደግሞ እንኳን ለተማሪ መድረክ ለየትም የሚበቃ ልጅ ነው። ተውኔቱ ግን ወደቀ። የወደቀውም በአንዲት ቃል ነው።

እናት ልጇን አቅፋ «ገና ነሽ ልጄ» እያለች የምትዘፍንበት ቦታ አለ። ልጅ ነሽ፣ አልደረስሽም ማለቷ ነው። ዜማው «ገ» ላይ ቆም አለና «ና»ን ረገጠው። ላልቶ መባል የነበረበት ቃል ጠበቀ፤ «ገና» የልደቱ ገና ሆኖ አረፈው። ከኋላ አንዱ «እንኳን አደረሰሽ እማማ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ተዋናይዋ እያለቀሰች ዘፈኗን ጨረሰች፤ ማን ይስማት!

ሲያበቃ ደራሲዎቹን አገኘኋቸው። ገጣሚው ደሴ ነው የሚኖረው፤ ዜማውን የሠራው ልጅ ኮምቦልቻ። ግጥሙ በስልክ ተላከ፤ ዜማው በድምፅ ተቀርጾ በስልክ ተመለሰ። ሁለቱ ፊት ለፊት የተያዩት በመክፈቻው ዕለት ነው። «እኔ የሰጠሁት ግጥም ልክ ነበር» አለኝ ገጣሚው። «የእኔም ዜማ ልክ ነው፣ ለብቻው ስማው» አለኝ ያኛው። ሰማሁት። እውነትም ልክ ነው። ግጥሙንም አነበብኩት፤ እሱም ልክ ነው። ታዲያ ሁለት ልክ ነገር ተደምሮ እንዴት ስሕተት ይወጣል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ጥሩ አባባል ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ ሸክም ቀለለ እንጂ አብሮ የተሠራ ነገር የለም። እኛ ሥራ መከፋፈልን የጋራ ፈጠራ እያልን እንጠራዋለን። ገጣሚው ግጥሙን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ዜመኛው ዜማውን ይዞ ይመጣል፤ አዘጋጁ በመካከል ቆሞ ያጣብቃል። ማጣበቂያው ደግሞ መድረክ ላይ ይለቃል።

ወደዚያው ተውኔት ልመለስ፤ ከ«ገና»ው የባሰ ጉድ አለበትና። እናቲቱ ዘፈኗን ስትጀምር «አትሂጂ» ትላለች፤ ስትጨርስም «አትሂጂ» ትላለች። መብራት ጠፍቶ ሲበራ «ሂጂ እንግዲህ» ብላ በተራ ንግግር ትመርቃታለች። የእናት ልብ የተለወጠው መቼ ነው? መብራቱ በጠፋበት! ተውኔቱ በሙሉ የተጻፈው ለዚያች ቅጽበት ነበር፤ ተመልካቹ ግን አላያትም። ዘፈኑ ማረፊያ እንጂ ድርጊት አልነበረም። በሙዚቃዊ ተውኔት ዘፈን የሚያስፈልገው ሰውየው በንግግር ሊሻገረው ያልቻለውን ነገር እንዲሻገርበት ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ባለዘፈኑ ሲጀምር የነበረበት ቦታ ላይ ካለ፣ ያንን ዘፈን አውጥተን ብንጥለው ተውኔቱ አይጎድልበትም።

ሦስተኛው እንከን የቤቱ ነው። ዘፈኖቹ በሙሉ በየወል ቤት የተጻፉ ናቸው፤ ስድስት ቀለም፣ ስድስት ቀለም፣ እስከ መጨረሻው። የወል ቤት የሚናቅ አይደለም፤ ለብቻው ለሚተክዝ ሰው ይመቻል። እናትና ልጅ ሲጣሉ ግን ተራ ጠብቀው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቀለም ይመላለሳሉ እንዴ? የትኛዋ እናት ናት ልጇ ስንኟን እስክትጨርስ የምትጠብቅ! ዜመኛው ከገጣሚው ጎን ቢቀመጥ ኖሮ «እናት ስድስቱን ትበል፣ ልጅ ሌላውን ስድስት ከአፏ ትንጠቃት» ይለው ነበር። አንድ ስንኝ ለሁለት ሲቀደድ ጠቡ ራሱ ይሰማል። ይህን ገጣሚ ብቻውን አያየውም፤ ወረቀቱ ላይ ቤቱ ደርሷልና።

አሁን ደግሞ ዜመኛው ብቻውን የማያየውን ልንገራችሁ። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሁላችንም እንጠራለን። ሁለቱ የእኛው የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን። አምባሰልን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ሳንለውጥ ማረፊያችንን ፋ ላይ ብናደርግ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ትዝታ ማይነር ነው። የክራሩ ክር አልተነካም፤ የተለወጠው ቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ እናቲቱ በአምባሰል «አትሂጂ» ብላ ትጀምር። በዘፈኑ መሐል ማረፊያው ዞሮ ትዝታ ይሁን። ልጅቷ ገና አጠገቧ ተቀምጣ ሳለ እናት በልቧ ሸኝታታለች ማለት ነው፤ አጠገቧ ያለችውን መናፈቅ ጀምራለች። ግን ዜማው የሚዞረው በየትኛው ቃል ላይ ነው? ቃሉ ከሌለ ማዞሩ የጣት ጨዋታ ብቻ ይሆናል። ቃሉን የሚያመጣው ገጣሚው ነው፤ መዞሪያ እንዳለ ካልተነገረው ግን ከየት ያመጣዋል!

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ አብሮ መሥራት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል» ተብሎ የሚሰጠውን ስንኝ አስቡት። ቃሉ የታዳሚው ነው፣ ዜማው የአዝማሪው፤ ሁለቱ እዚያው በእዚያው ይገናኛሉ። ማለዳ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች ባልና ሚስት ሆነው ይቀባበላሉ፤ የባለቤቱን ስምና ወግ ከጎረቤት ጠይቀው ነው የሚገጥሙት። በመንዙማ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ በጭብጨባና በድቤ ይመልሳል፤ ያለ ተቀባይ መንዙማ ጎደሎ ነው። ደሴም በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንን አፍርታለች፤ ማሪቱ ለገሰን የመሰለች የአምባሰል ድምፅ ያለፈችበት ቡድን ነው።

ይሁን እንጂ «ሁሉም ነገር አያቶቻችን ዘንድ ነበረ» ብሎ መተኛትም አያዋጣም። የ«ተቀበል» ስንኝ ሁለት መስመር ነው፤ ተብሎ ያልቃል። ሙዚቃዊ ተውኔት ግን ሁለት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ዘፈን የተሰማ ዜማ በመጨረሻው ሌላ ትርጉም ይዞ መመለስ አለበት። የኪነት ዝግጅትም ብዙውን ጊዜ ዘፈኑን፣ ጭፈራውንና ጭውውቱን በተራ በተራ የሚያቀርብ ነበር። ሁለት መስመርን ሁለት ሰዓት ለማድረግ መጻፍ፣ መቅደድ፣ እንደገና መጻፍ ይጠይቃል። ይህ ደግሞ የሚለመደው በትምህርት ነው።

ቴአትራችን ሲጀመር ይህ ችግር እንዲህ አልጎላም ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ነው፤ ተውኔቱንም መዝሙሩንም ራሱ ይደርስ ነበር። ሁለቱ ሙያ በአንድ ራስ ውስጥ ስለነበሩ የሚገናኙበት ጠረጴዛ አላስፈለጋቸውም። ኋላ ትምህርቱ ዘመናዊ ሲሆን በሩ ሁለት ሆነ። በ1960 ዓ.ም. ግድም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል አቋቋመ። ዛሬ የቴአትር ትምህርት ቤቱ በዮፍታሔ ስም ይጠራል፤ ያሬድም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ሙያው ከፍ ብሏል፤ ይህን የሚክድ የለም። ቃልና ዜማ ግን ከእንግዲህ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ስለማይገኙ የሚገናኙበት ቦታ ሆን ተብሎ ካልተሠራላቸው በራሱ አይመጣም።

ይህን ቦታ ሆን ብለው የሠሩ አሉ። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረ፣ ሙዚቃዊ ተውኔት መጻፍን ብቻ የሚያስተምር የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት አለ። ተማሪው ሲገባ ወይ በቃል ወይ በዜማ ነው የሚገባው። በመጀመሪያው ዓመት በየመልመጃው ከሌላ ሰው ጋር ይጣመራል፤ አንዱን ሳይለምድ ሌላው ይመጣበታል። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሙሉ ሥራ አብሮ ጽፎ ያስረክባል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1961 ሌማን ኤንግል የተባለ የሙዚቃ መሪ እዚያው ከተማ ገጣሚዎችንና ዜመኞችን አንድ ክፍል አስቀምጦ ማሠራት ጀምሮ ነበር። ዋናው ነገር ሕንጻውም ዲግሪውም አይደለም። ተማሪው ገና ያልበሰለ ግጥሙን ዜመኛው ፊት አውጥቶ «ይህ አይዘፈንም» መባልን ይማራል። ቅስም የሚሰብር ትምህርት ነው፤ ግን «ገና ነሽ ልጄ»ን የሚያድነው እሱ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ኦስካር ሐመርስታይን ለጎረምሳው ስቲቨን ሶንዳይም አራት የቤት ሥራ ሰጥቶት ነበር። ከሚወደው ተውኔት አንድ ሙዚቃዊ ሥራ እንዲጽፍ፤ ጉድለት ካለበት ተውኔት ሁለተኛ፤ ተውኔት ካልሆነ ታሪክ ሦስተኛ፤ ከራሱ ፈጠራ አራተኛ። የፈጠራው መጨረሻ መምጣቱን ልብ በሉ። እኛ ዘንድ ሁሉም ከአራተኛው ይጀምራል።

«ታዲያ የሁለተኛ ዲግሪ ይከፈትልን» የሚል አይጠፋም። ይከፈት፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ የአንድ ሰው ነው ብለን ለምደናል። ሁለት ሰው አብሮ የጻፈውን ተውኔት ውጤት ለማን እንሰጣለን? «የግጥሙ ለአንተ፣ የዜማው ለአንቺ» ብለን ለሁለት ከፈልነው እዚያው መከፋፈል ውስጥ ተመለስን። ውጤቱ አንድ መሆን አለበት፤ የተውኔቱ መውደቅም የሁለቱም መውደቅ። ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሞናል፤ የ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የጋራ ሥራ አመንጪዎችን ያውቃል። የእኛ የማስታወቂያ ወረቀት ግን አሁንም «ደራሲ» ብሎ አንድ ስም ይጽፍና ዜመኛውን ከታች ከመብራት ሠራተኛው ጋር ያሰልፈዋል።

ዲግሪው እስኪከፈት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ቅኔና ልብ ወለድ የሚያነበው ብዙው ደሴ ነው፤ ቴክኖሎጂ እየተማረ ማታ ኪቦርድና ክራር የሚነካው ደግሞ ኮምቦልቻ ሞልቷል። በመካከላችን ያለው ሐረጎ ነው፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት፣ የሚኒባስ መንገድ። ስለዚህ እንዲህ ብናደርግስ እላለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ አንዴ ደሴ፣ አንዴ ኮምቦልቻ እንገናኝ። በዕጣ ሁለት ሁለት እንሁን፤ ጥንዱ በየጊዜው ይለወጥ። የመጀመሪያው ሥራ የአምስት ደቂቃ ትዕይንት ይሁን፤ አንድ ሰው ሲጀምር «አይሆንም» ይበል፣ ሲጨርስ «ይሁን» ይበል፣ መዞሩ በዘፈኑ ውስጥ ይታይ። ግጥም በስልክ መላክ ክልክል ነው! ቃሉ ሲዘፈን ጠብቆ ይላላ፣ ላልቶ ይጥበቅ የሚለውን ገጣሚው በጆሮው ይስማ።

ያንን ተውኔት የጻፉት ሁለት ልጆች ይህን ሲያነቡ ሊቀየሙኝ ይችላሉ። አይቀየሙኝ፤ ከአዳራሹ የወጣሁት ስቄ ሳይሆን ተቆጭቼ ነው። ከዚህ ምድር ስንት ልጅ በዚያ መንገድ እንደሚሄድ፣ ስንት እናት «ሂጂ» ያለችበትን ደቂቃ ለማንም ሳትነግር እንደምትኖር እናውቃለን። ያቺ ደቂቃ መብራት ጠፍቶባት መቅረት የለባትም። እንደገና ይጻፏት፤ አብረው፣ በአንድ ጠረጴዛ። ዕጣ ሲወጣ እኔም ስሜን ከገጣሚዎቹ ወገን አስገባለሁ፤ በዚህ ሂስ ላይ ሂስ ያለው ደግሞ በሚቀጥለው እትም ይጻፍብኝ።